ጥሩዬ ኮርቻ ስትመርጥ

ቦዲቲ ለቅሶ ደርሼ ወደ ሶዶ ስመለስ ነው ጥሩዬን ያገኘኋት። ዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ገና መግባቱ ነበር፤ ጊፋታ ደርሷል። የወላይታ ሰው ዘመን መለወጫውን ሊቀበል ሲሰናዳ መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ በሬውም፣ የቅቤ ቅሉም፣ የቦዬ ጆንያውም፣ ሰውም እኩል ይጋፋል። ሚኒባሷ ከሞላች ቆይታለች፤ ረዳቱ ግን "ጠጋ በሉ እንጂ! ለበዓል ያልተጠጋጋ ሰው መቼ ሊጠጋጋ ነው?" እያለ በአንድ ሰው ቦታ ሁለት ይጭናል።

ከጎኔ ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ ፊቷ ሳቅ ሳቅ የሚል ሴት ተቀምጣለች። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ጭኗ ላይ አስተኝታለች። መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ጥቅልሉን ወደ ደረቷ ሳብ ታደርገዋለች። እኔ ደግሞ ከሰው ጎን ተቀምጬ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ እናቴ "አንተ ከግንድ ጋር ብትቀመጥ ስሙን ሳትጠይቀው አትነሳም" ትለኝ ነበር።

"ስንት ወሩ ነው?" አልኳት።

"ማን?"

"ሕፃኑ ነዋ። ድምፁን እንኳ አላሰማም፤ ጨዋ ልጅ ነው።"

መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ቀጥላ ጭኗን አየች። ከዚያ በሳቅ ፈረሰች፤ ሾፌሩ እንኳ በመስታወት አጮልቆ አየን። የነጠላውን ጫፍ ገለጥ ስታደርገው ሰፊ፣ ቡናማ፣ የቆዳ የብስክሌት ኮርቻ ብቅ አለ፤ ከኋላው ሁለት ወፋፍራም ሞላዎች አሉት።

"ዕድሜውን አላውቅም ጋሼ፤ ግን ጥርስ የለውም፣ አይነክስም። የመረጥኩትም ለዚህ ነው" አለችኝ።

ፊት ለፊታችን ዶሮ ያቀፉ ሴትዮ ዞር እንኳ ሳይሉ "እግዚአብሔር ያሳድገው" አሉ። ከዚህ በኋላ ማን ዝም ይላል?

ጥሩዬ አስተማሪ ናት። ከሶዶ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። ባሏ ዱባለ ልብስ ሰፊ ነው፤ እናቱ እማማ ሽታዬ አብረዋቸው ይኖራሉ። ብስክሌቷ በዕጣ የደረሳት ናት። አንድ ጊዜ ከውጭ አገር በኮንቴነር የመጣ ዕርዳታ ለአስተማሪዎች በዕጣ ሲከፋፈል ለአንዱ ብርድ ልብስ፣ ለአንዱ የግድግዳ ሰዓት ወጣለት፤ ለእሷ ብስክሌት። የሴት ብስክሌት ናት፤ መሀሏ ዝቅ ያለ ነው፣ ቀሚስ አይዝም። መሪዋ ወደ ደረት ስለሚመጣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ቀጥ ብሎ ነው የሚነዳት።

"እንዲህ ያለች ሸጋ ሳይክል ላይ ማን እንደገጠመው እንጃ፣ እንደ ቃሪያ የቀጠነ ኮርቻ ነበረባት" አለችኝ። "ለውድድር የተሠራ ነው። ተወዳዳሪው ያጎነብሳል፤ ክብደቱን ግማሹን እጁ ይሸከምለታል። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ነው የምነዳው። ቀሚስ አለ፣ ሰላም የሚባል ሰው አለ። አጎንብሼ፣ ከመሪው ሥር ሆኜ 'እንደምን አደራችሁ' ልበል? ስለዚህ ያለኝ ክብደት በሙሉ ቃሪያዋ ላይ ነው።"

"እና አመመሽ።"

"አመመሽ ይላሉ! ቤተ ክርስቲያን አግዳሚው ላይ መቀመጥ አቃተኝ እኮ። ስብከቱ ሲረዝም ቀስ ብዬ እነሳና እንበረከካለሁ። በሚቀጥለውም እሑድ እንደዚያው። ወንጌላዊው አይተውኝ ኖሯል፤ አንድ ቀን ምእመኑ ፊት 'እህታችን ጥሩዬ የጸሎት ሸክም አለባት' ብለው የሐሙስ ጸሎት መሪ አደረጉኝ!"

"እውነቱን አልነገርሻቸውም?"

"ምን ልበላቸው ጋሼ? 'ሸክሙስ አለ፣ ያለበት ቦታ ነው ሌላ' ልበል?"

ዶሮ ያቀፉት ሴትዮ ትከሻቸው ሲርገፈገፍ ከኋላ አየሁ። ዶሮዋም አብራ ተርገፈገፈች።

በኋላ እንደገባኝ፣ ነገሩ እስከዚህ ድረስ ለጥሩዬም ቀልድ ነበር። ቀልድ መሆኑ የቀረው ቤቷ ሲገባ ነው። እንግዳ ሲመጣ ታስተናግዳለች፣ ምግብ ታቀርባለች፣ ግን አትቀመጥም። "ኧረ ቁጭ በይ" ሲሏት "ተዉኝ፣ ቆሜ ይሻለኛል" ትላለች። ይህን አጥሩን ተደግፈው የሚያዩት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዓመለወርቅ አንድ ቀን ገበያ ላይ "ሽታዬ እኮ ምራቷን አታስቀምጣትም! ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ እንኳ ቆማ ነው የምትውል" ብለው አወሩ። ወሬ ደግሞ እግሩ ፈጣን ነው፤ ኮርቻ አይመርጥም። ዞሮ ዞሮ እማማ ሽታዬ ጆሮ ገባ።

"ያን ዕለት" አለች ጥሩዬ፣ "አላናገሩኝም። ማታ ዱባለ ሲመጣ ነው አፋቸውን የከፈቱት። 'በጊፋታ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። እሷ ትገተራለች፣ እኔ እሰደባለሁ። ወይ ትቀመጥ፣ ወይ ሳይክሉ ይሂድ' አሉ።"

"ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ቤኒ ጋ። የዱባለ ታናሽ ወንድም ነው፣ አረካ ነው የሚኖረው። ከአሁኑ ደወል ገዝቶ እየጠበቀ ነው፤ ሳይክል የሌለው፣ ደወል ያለው ሰው አይተው ያውቃሉ? ዛሬ ሊወስዳት ይመጣል። እማማ ሽታዬ የሰጡኝ ፍርድ ይሄ ነው፤ ዛሬ እሱ ባለበት እስከ ትምህርት ቤቱ ነድቼ እመለሳለሁ። ወዲያው ከእነሱ ጋር እንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ሳልቁነጠነጥ ምሳ በልቼ እጨርሳለሁ። ከተቁነጠነጥኩ ቤኒ ይነዳታል።"

ያን ጊዜ ነው ኮርቻውን ለምን እንዲያ እንዳቀፈችው የገባኝ። ሳቋ ባይጠፋም እጇ ነጠላውን ጨበጥ አድርጎ ይዟል።

ፍርዱ ከመጣ በኋላ ጥሩዬና ዱባለ መጀመሪያ ያደረጉት ሁላችንም የምናደርገውን ነው። ለሚያም ነገር ለስላሳ ነገር! ሶዶ ገበያ ወርደው ስፖንጅ የተሞላ ኮርቻ ገዙ። ሲነኩት እንደ ዳቦ ነው። ለትንሽ መንገድ ገነት ሆነላት፤ ዳገቱ ሳያልቅ ስፖንጁ ሰመጠና ከሥሩ ያለውን ላስቲክ አገኘችው። ዱባለ አልተሸነፈም፤ የበግ ቆዳ ደረበበት። ሳይበቃው ጥጥ የሞላ ትራስ ሰፍቶ ከላይ አሰረው፤ ያውም በጥልፍ።

"ጌታ ያሳይዎ! ስወጣበት እግሬ ፔዳሉን አጣው። ከፍ ብዬ ከፍ ብዬ የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ይታየኛል። ተማሪዎቼ 'ቲቸር አደገች' አሉ!"

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። እማማ ሽታዬ ማንም የማይነካባቸው አሮጌ በርጩማ አላቸው። እሳቸው ለቅሶ የሄዱ ቀን ጥሩዬ እግሯን ለማሳረፍ ብላ እሱ ላይ ቁጭ አለች፤ ሳታስበው እዚያው ሽንኩርት ላጠች፣ ደብተር አረመች፣ ቡናውን ለቀመች። ለመነሳት ስታስብ ነው የደነገጠችው። ምንም አላመማትም! በርጩማው እኮ ደረቅ እንጨት ነው። ጎንበስ ብላ ስታየው በመቀመጥ ብዛት ሁለት ቦታ ጎድጎድ ብሏል፤ ሰፊም ነው፣ ሁለቱም የመቀመጫ አጥንቶቿ ቦታቸውን አግኝተዋል።

"ስፖንጁ እኮ የዋጠኝ አጥንቴን ነው፤ ሥጋዬን ግን ከመሀል እየገፋ አቆሰለኝ። ሳይንስ አስተማሪ ሆኜ ይህን በበርጩማ ተማርኩ። የሚያስፈልገኝ ጠንከር ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ቀስ እያለ የሰውን ቅርጽ የሚይዝ ነገር ነው። ቆዳ ነዋ! ግን ስንት ይስፋ? ማን ይለካው?"

"ባልሽ ልብስ ሰፊ አይደል እንዴ?"

"እሱማ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ 'የሶዶን ሕዝብ ዳሌ በሙሉ ለክቻለሁ፣ አጥንት ለክቼ ግን አላውቅም' አለ። ወይዘሮ ዓመለወርቅ ቤታቸውን ሊያስለስኑ እርጥብ አሸዋ አስቆልለው ነበር፤ ከአጥሩ በታች ያለው ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና ተነሳሁ። ሁለት ጉድጓድ ወጣ። ዱባለ ተንበርክኮ ከጉድጓድ እስከ ጉድጓድ ሲለካ፣ ወይዘሮ ዓመለወርቅ ከላይ ብቅ! 'ኧረ ጉድ! ደግሞ አሸዋ ላይ አስቀምጦ ይለካት ጀመር!' አሉ።"

ልኩን በክር ቋጥራ ነው ቦዲቲ የመጣችው። ቦዲቲ ቢያድግልኝ የሚባል የብስክሌት ጠጋኝ አለ፤ አሮጌ ኮርቻዎች እንደ ቋንጣ ሰቅሎ ነው የሚሸጠው። አዲስ የቆዳ ኮርቻም አለው፣ ግን አዲሱን ስታንኳኳው እንደ በር ጮኸ።

"እስኪለምድ ድረስ ጥቂት ወራት ነው" አላት ቢያድግልኝ።

"እኔ ያለኝ እስከ ምሳ ነው" አለችው።

"እስከ ምሳ የሚለምድ ኮርቻ ከፈለግሽ፣ ሌላ ሰው ያስለመደውን ውሰጂ።"

እዚያ ላይ ነው መከራው። አሮጌ ኮርቻ ማለት የሰው ጫማ ማለት ነው፤ የሰውዬውን ጠባይ ይዞ ይቆያል። ቢያድግልኝ አንዱን አውርዶ ማቆሚያ ላይ በቆመች ብስክሌት ላይ ገጠመላት። ተቀመጠች፣ ቀጥ አለች፣ እጇን መሪ ላይ አደረገች። አጥንቶቿ ከቆዳው ወጥተው ብረቱ ጠርዝ ላይ አረፉ።

"ይሄ የማን ነበር?"

"የአንድ ቀጭን የመብራት ሠራተኛ።"

"ያስታውቃል። እሱ ሽቦ ላይም ይቀመጥ ነበር።"

ሁለተኛው ሰፊ ነው፤ ግን ሳታስበው ወደ ግራ ዘንበል፣ ዘንበል አለች፣ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። የእንሰት ቅጠል በአንድ ጎን ብቻ እየጫነ ገበያ የሚመላለስ ሰውዬ ነበር የነዳው። ገበያተኛው ሥራ ፈትቶ ከቧት ቆሟል። አንዱ "ወደ ቀኝ ዞረሽ ተቀመጪ" ይላል፣ ሌላው "የግራ እግርሽን አሳጥሪ" ይላል። ቢያድግልኝ ሦስተኛውን ሲያወርድ አቧራውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረግ አደረገ።

"ይሄ አሳየሽ የምትባል የአንዲት ነርስ ነበር። በየገጠሩ እየዞረች ሕፃናት ትከትብ ነበር። ሞላ ያለች ሴት ናት፤ ቀጥ ብላ፣ ጥላ ዘርግታ ነበር የምትነዳ። አርባ ምንጭ ስትዛወር ለእኔ ተወችው።"

ጥሩዬ መጀመሪያ ክሩን ዘረጋችበት። ሁለቱ ቋጠሮዎች ከብረቱ ጠርዝ ገባ ብለው፣ ቆዳው ጎድጎድ ያለበት ላይ ልክ ተኙ። ከዚያ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ሰው ሰላም ሲልዎ እጅዎ እጁ ውስጥ ገብቶ ልክ ይሆን የለ? እንደዚያ! ሞላዎቹ ደግሞ ከሥሬ እንዴት እንደሚተነፍሱ! አልነሳም አልኩ። ገበያተኛው ያጨበጭባል፣ ቢያድግልኝ 'ኧረ ውረጂ፣ ሳይክሏ የሰው ናት' ይላል። 'ቆዳው እንዳይደርቅ ከሥሩ ቅቤ ቢጤ ቀቢው' ብሎ ሲመክረኝ ነው የነቃሁት። የእማማ ሽታዬን የጊፋታ ቅቤ ነክቼ? ከዚያ ሁሉ የሳይክሉ መሄድ ይሻለኛል!"

ሶዶ ስንደርስ መለያየት ነበረብን፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ላይ ጥሎ መሄድ የሚችል እግር የለኝም። "ምስክር አያስፈልግሽም?" ስላት "ምን ጥያቄ አለው!" አለች፤ ተከተልኳት።

ግቢው ስንገባ የሚሰማው ቂልልል፣ ቂልልል የሚል ደወል ነው። ቤኒ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን ጎረምሳ፣ ደወሉን መዳፉ ላይ ይዞ በአውራ ጣቱ ይመታል። ዱባለ መፍቻ ይዞ በር ላይ ነው። እማማ ሽታዬ ነጭ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው አስረው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ዳኛ ይመስላሉ።

"አንተ ደግሞ ማን ነህ?" አሉኝ በወላይትኛ።

"የሚኒባስ ጎረቤት ነኝ እማማ። ለምስክርነት መጣሁ።"

"ምስክር ጥሩ ነው። ምስክር ደግሞ ይበላል። ተቀመጥ።"

ዱባለ ቃሪያዋን ፈትቶ የነርሷን ኮርቻ ገጠመ። ልብስ ሰፊ አይደል፣ እያንዳንዷን ነገር እንደ ኮት ትከሻ ነው የሚያስተካክላት፤ ወደ ኋላ ይሸሽና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። "ፊቱ ትንሽ ቀና ይበል፤ ወደፊት እንዳያንሸራትትሽ" አለ። "ከፍታውስ? እግርሽን ዘርጊ። በጣም አትዘርጊ። አዎ።"

"ለሠርግ ነው እንዴ የምትሸኛት?" አለ ቤኒ። "እኔ እኮ አረካ ድረስ ስነዳት ራሴ አስተካክለዋለሁ።"

"አንተ ዝም ብለህ ደወልህን ቆርጥም" አለችው ጥሩዬና ወጣች።

እኛ ጠበቅን። ዱባለ መፍቻውን ከአንድ እጅ ወደ አንድ እጅ ይቀያይራል። እማማ ሽታዬ መንገድ መንገዱን ያያሉ፤ እንዳላዩ ሆነው ነው የሚያዩት። በመጨረሻ ከሩቅ የሕፃናት ጩኸት ተሰማ፤ አንድ መንጋ ልጅ እየሮጠ ከፊቱ ጥሩዬ ቀጥ ብላ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ፣ ፊቷ በላብ አብርቶ ከች አለች። ወረደች። ሁላችንም አረማመዷን አየን። ቀጥ ብላ መጥታ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

ምግቡ ቀረበ። እንደ ድንች የተቀቀለ ቦዬ ነው፣ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር። እማማ ሽታዬ እጃቸውን አነሡ፣ "እንጸልይ" አሉ።

ያን ጸሎት አልረሳውም። መጀመሪያ ስለ ምግቡ ጸለዩ። ከዚያ ኦቶና ሆስፒታል ስለተኙት ሕሙማን ሁሉ። ከዚያ ስለ መንገደኛ፣ ስለ ሾፌሮች፣ ስለ ረዳቶችም። ቦዲቲ ያለውን ዘመድ በየስሙ ጠሩ፤ አረካ ያለውን በየቤቱ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እንሰቱ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ልቡ እንዲለዝብ፣ ዶሮዎቹ እንቁላላቸውን የጥንቸል ጉድጓድ ውስጥ እንዳይጥሉ። እኔ ዓይኔን ገለጥ ባደርግ የእሳቸውም አንድ ዓይን ክፍት ነው፤ ጥሩዬ ላይ ተተክሏል። ዱባለ ላብ ይንቆረቆርበታል። ቤኒ፣ ከአረካ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ የጎማው ጉብታ ላይ ተቀምጦ የመጣው ቤኒ፣ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ይቁነጠነጣል።

"ይህንንም ልጅ አስበው" አሉ እማማ ሽታዬ ጸሎቱን ሳይዘጉ፣ "ጉንዳን የወረረው ይመስላልና።"

እዚህ ላይ ጥሩዬ አልቻለችም። ድምፅ አላሰማችም፤ ግን ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ተንቀሳቀሰች!" ብሎ ዘለለ ቤኒ። "አየሁ! በዓይኔ አየሁ!"

"ዓይንህን ጨፍነህ አልነበር እንዴ የምትጸልየው?" አለ ዱባለ። "ሳቅ ነው እናቴ! ትከሻዋ ነው! መቀመጫዋ የትም አልሄደም!"

"መንቀሳቀስ መንቀሳቀስ ነው!"

ወንድማማቾቹ አንድ ላይ ሲጮኹ እማማ ሽታዬ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። "ምስክሩ ይናገር።"

ተነሣሁ። በሕይወቴ ፍርድ ቤት ቆሜ አላውቅም፤ ግን ጉሮሮዬን ጠራርጌ "ከወገብ በላይ ሳቅ ይዟታል እማማ። ከወገብ በታች ግን ከአግዳሚው ጋር የተሠራች ናት" አልኩ።

እማማ ሽታዬ ጥሩዬን ለረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ያልጠበቅነውን አደረጉ። ተነሥተው ወደ አጥሩ ሄዱና በሙሉ ድምፃቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ በአማርኛ ተጣሩ፤ "ዓመለወርቅ! አንቺ ዓመለወርቅ! ነይ እስቲ እዪ! ምራቴ ተቀምጣለች! ነድታ መጥታ ተቀምጣለች!"

የወይዘሮ ዓመለወርቅ ጭንቅላት ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ። "እሰይ" አሉ ግራ ገብቷቸው። "ምን ሆና ነበር?"

"ምንም! ምንም አልሆነችም! ሁልጊዜም ትቀመጣለች!" አሉ እማማ ሽታዬ፣ ተመልሰውም መጡ። ፊታቸው እንደ መስከረም ሜዳ በርቶ ነበር። "አሜን እንበልና እንብላ። ሳይክሉ የትም አይሄድም።"

እንዴት እንደሳቅን! ዱባለ ጥሩዬን ሊያቅፍ ሲል መፍቻው ቦዬው ውስጥ ወደቀ። ቤኒ ብቻ አኩርፎ "ደወሉን ግን አልሰጥም" አለ። "ከደወሉ ጀምሬ ቀስ በቀስ ሳይክል እሠራለሁ።" እማማ ሽታዬም ትልቁን ቦዬ መርጠው አጎረሱት፤ አፉ ሲሞላ ኩርፊያው መውጫ አጣ።

ስወጣ ጥሩዬ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ፤ ብስክሌቷን እየገፋች። እንዲያው ቸኩዬ ያልጠየቅኳት ነገር ትዝ አለኝና "ቢወስዳትስ ኖሮ ምን ልትሆኚ ነበር?" አልኳት። "ትምህርት ቤቱ በእግር ሩቅ ነው አይደል?"

ወደ ግቢው ዞር ብላ አየች፤ የሚሰማት አለመኖሩን ስታረጋግጥ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እግር እኮ አለኝ ጋሼ፣ እሄዳለሁ። ስንት ዓመት ሄጄበታለሁ። ግን ከትምህርት ቤቱ መልስ አንድ ቁልቁለት አለ፤ በእግሬ ስወርደው የማስበው ስለ ሽንኩርትና ስለ ማገዶ ነበር። በሳይክል ስወርደው ግን ብቻዬን፣ ማንም ሳይነካኝ፣ ጮክ ብዬ እስቃለሁ። ለዚያ ነው። ሰው ከጠየቀዎ ግን ትምህርት ቤቱ ስለሚርቃት ነው ይበሉልኝ።"